ከሞንቲሴሎ ጓዳ፦ ስለ ሳሊ ሄሚንግስና ስለተደበቀው የዘር ሐረግ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ሞንቲሴሎ፣ ቨርጂኒያ ስላለው የጄፈርሰን መኖሪያና እርሻ፣ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። የአሜሪካ 3ኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች እንደወለደ ነበር ያነሳሁት። ጥያቄው ጎረፈ። አገር ቤት ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ እንግዳ እያመላለስኩ ነው የምኖረው። ጄፈርሰን ቤት ስንቴ እንደሄድኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ስለዚህ የማውቀውን እነሆ።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ፦ «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛም አገር ስንቱን እንዳቆሰለ ስላየሁ አልጠቀምበትም። «በባርነት የተያዘች» እላለሁ። ቢረዝምም ይርዘም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳሊ ማን ነበረች? ከመጀመሪያው ንገረን።

መልስ፦ ከእናቷ ልጀምር። እናቷ ቤቲ ሄሚንግስ ከአፍሪካዊት እናትና ከእንግሊዛዊ የመርከብ ካፒቴን ነው የተወለደችው። ጆን ዌይልስ የሚባል ሀብታም በባርነት ይዟት ስድስት ልጆች ወለደችለት። የመጨረሻዋ ሳሊ ናት፤ በ1773። በዚያው ዓመት ዌይልስ ሞተና ሀብቱ ለልጆቹ ተከፋፈለ። ከሕጋዊ ሚስቱ የወለዳት ማርታ ደግሞ የጄፈርሰን ሚስት ነበረች። ስለዚህ ማርታ ከመሬቱ ጋር የገዛ አባቷን ልጆችም ወረሰች። ሳሊ የማርታ የአባት ልጅ፣ እህቷ ናት ማለት ነው። ሕፃን ሆና እንደ ዕቃ ወደ እህቷ ቤት ገባች።

ማርታ በ1782 ሞተች። ጄፈርሰን ለዲፕሎማሲ ሥራ ፓሪስ ሄደ። በ1787 ትንሿን ልጁን ማሪያን ወደ እሱ ሲያስመጣ ሞግዚት ሆና አብራት የተላከችው ሳሊ ነበረች። 14 ዓመቷ ነበር። የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ግን ይዋደዱ ነበር እንዴ? ፊልም ላይ እንደ ፍቅር ነው የሚያሳዩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ መኪና ውስጥም ሁሌ ይጠይቁኛል። በ1789 ከፓሪስ ሲመለሱ እሱ 46፣ እሷ 16 ዓመቷ ነበር። በሕግ ንብረቱ ናት። «አይሆንም» የምትልበት በር አልነበራትም። ፍቅር የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ማስቀመጥ እኔ አልችልም።

ግን ምንም የማታውቅ ምስኪን አድርገንም አንያት። ልጇ ማዲሰን በ1873 በአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ ላይ ታሪኩን ተናግሯል። ፈረንሳይ ውስጥ ነፃ መሆን ትችል ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች። «አልመለስም» አለች። ጄፈርሰን ተደራደራት፦ ብትመለሺ ልዩ አያያዝ ይኖርሻል፣ የምትወልጃቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ ይወጣሉ አላት። እሷም ይህን ቃል ይዛ ተመለሰች። የ16 ዓመት ልጅ፣ ሰው አገር፣ ያውም ከዚያ ሰውዬ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግራ ገና ላልተወለዱ ልጆቿ ነፃነት ገዛች። እኔ ሳስበው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ ልጆቿ በሕግ ነጮች ነበሩ የሚል አንብቤ ግራ ገባኝ። ነጭ ሆኖ በባርነት መያዝ አለ?

መልስ፦ ግራ ቢገባህ አይፈረድብህም፣ ሁለት ሕግ ነው። አንደኛው የ1662 የቨርጂኒያ ሕግ ነው። ልጅ ነፃ መሆን አለመሆኑ በእናቱ ይወሰናል ይላል። እኛ ዘር ስንቆጥር በአባት ነው የምንወጣው። እንግሊዞችም እንደዚያው ነበሩ። ቨርጂኒያ ላይ ግን ገለበጡት። ጌታው ከያዛት ሴት ሲወልድ ልጁ ወራሽ መሆኑ ቀርቶ ንብረት ሆነ።

ሁለተኛው የዘር ሕጉ ነው። በጊዜው ክልስ የሚባለው ከአራት አንድ እጅና ከዚያ በላይ የጥቁር ደም ያለው ሰው ነበር። ሳሊ ከአራቱ አያቶቿ ሦስቱ ነጮች ናቸው። ልጆቿ ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው የቀራቸው። ስለዚህ በዘር ነጭ፣ በኑሮ በባርነት የተያዙ።

ጄፈርሰን ይህን ሒሳብ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1815 ለአንድ ሰው በጻፈው ደብዳቤ ላይ እንደ አልጀብራ በፊደል እያሰላ አስረድቷል። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደሙ ይጠራል፣ ነፃነቱ ግን በእናቱ ነው የሚወሰነው ይላል። ይህን ሲጽፍ አራቱ የሳሊ ልጆች እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ። ትንሹ ኤስተን ገና 6 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ያኔ ሰው አያውቅም ነበር? ይህን ያህል ዘመን እንዴት ተደበቀ?

መልስ፦ አልተደበቀም። ይህን ነው ሁሌ ለማስረዳት የምሞክረው። በ1802 ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ እያለ ጄምስ ካሌንደር የተባለ ጋዜጠኛ ሳሊን በስሟ ጠቅሶ ሪችመንድ ላይ አተመው። ጎረቤቱ ያወራ ነበር። የጄፈርሰን የልጅ ልጅ ራሱ የተናገረው አለ፦ ከሳሊ ልጆች አንዱ መልኩ ጄፈርሰንን ከመምሰሉ የተነሳ፣ ተመሳሳይ ልብስ ቢለብስ አመሻሽ ላይ ከሩቅ ያየው ሰው «ጌታው ናቸው» ይል ነበር። እራት ላይ አንድ እንግዳ ቀና ብሎ ከጄፈርሰን ኋላ የቆመውን አሳላፊ ሲያይ ክው ማለቱንም አውርቷል። ይህ ሁሉ እያለ የልጅ ልጆቹ «አባትየው የእህቱ ልጅ ነው» ብለው የእህቱ ልጆች በሆኑት በእነ ካር ላይ ጣሉት። የታሪክ ጸሐፊዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ይህንኑ ተቀብለው ኖሩ።

ማዲሰን ግን ስም፣ ቦታና ዘመን ጠቅሶ ተናግሮ ነበር። ቃሉ የጥቁር ሰው ቃል ስለሆነ ተረት ተባለ። የልጅ ልጆቹ ቃል ደግሞ ማስረጃ ተባለ። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤው ግን ቶማስን ለይቶ አያሳይም ይባላል። አንተ ያለቀ ጉዳይ አስመሰልከው።

መልስ፦ ጥሩ ነው፣ እንነጋገርበት። ጄፈርሰን ከሚስቱ የወለደው ወንድ ልጅ አላደገለትም። ስለዚህ በ1998 የታተመው ምርመራ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደውን ክሮሞሶም ከአጎቱ ከፊልድ ጄፈርሰን ዘሮች ወሰደ። ያንን ከኤስተን ሄሚንግስ ዘር ጋር አመሳከሩ፤ ገጠመ። ከካር ወገን ጋር ጭራሽ አልገጠመም። የልጅ ልጆቹ ታሪክ እዚያ ላይ ወደቀ።

ልክ ነህ፣ ምርመራው ብቻውን «የጄፈርሰን ወገን የሆነ ወንድ» ነው የሚለው። ወንድሙ ራንዶልፍ ነው የሚሉ ዛሬም አሉ። ግን ሌላውንም ደምርበት። ጄፈርሰን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ርቆ ነበር የሚኖረው፤ ሳሊ ያረገዘችው ግን ሁሌም እሱ ሞንቲሴሎ በነበረበት ጊዜ ነው። በዕድሜ ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ከእነዚያ ሁሉ ልጆቿ በሙሉ ነፃ የወጡላት እናት ሳሊ ብቻ ናት። የሞንቲሴሎ ባለአደራ ድርጅት ራሱ በ2000 መርምሮ አባትየው እሱ ነው ወደሚል መደምደሚያ ደርሷል። እኔም በዚህ ረክቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቹስ የት ደረሱ?

መልስ፦ ሆዴን የሚበላኝ ይኸኛው ነው።

ለዐቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት አራት ናቸው፦ ቤቨርሊ፣ ሃሪየት፣ ማዲሰንና ኤስተን። ቤቨርሊና ሃሪየት በ1822 ወጥተው ሄዱ። ጄፈርሰን የነፃነት ወረቀት አልሰጣቸውም፤ እንዲሄዱ ተዋቸው እንጂ። የእርሻው ኃላፊ ለሃሪየት በጄፈርሰን ትእዛዝ 50 ዶላር ሰጥቶ በፈረስ ጋሪ ወደ ፊላደልፊያ እንዳሳፈራት ተናግሯል። 21 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ነጭ ተብላ ኖረች።

ነጭ ተብሎ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እናትሽን ዳግመኛ አትጠይቂም። ወንድምሽን መንገድ ላይ ብታገኚው አታውቂውም። ማዲሰን ሲናገር ሃሪየት ዋሽንግተን ከተማ አንድ ነጭ አግብታ ልጆች እንዳሳደገች ይጠቅሳል። «የባሏን ስም አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም» ይላል። 10 ዓመት ሙሉ ወሬዋን አልሰማም ነበር። መኖር አለመኖሯን አያውቅም፤ ግን ምስጢሯን ጠበቀላት። የእሷና የቤቨርሊ ዘሮች እስከ ዛሬ አልተገኙም። አያታቸው ማን እንደሆነች ሳያውቁ የሚኖሩ ሰዎች አሉ ማለት ነው።

ማዲሰንና ኤስተን በ1826 በጄፈርሰን ኑዛዜ ነፃ ወጡ። ሳሊ ኑዛዜው ላይ የለችም። በጊዜው ሕግ ነፃ የወጣ ሰው በቨርጂኒያ ለመቆየት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስሟን ቢጽፍ በአደባባይ ሊያስፈቅድላት ነው። የጄፈርሰን ልጅ ግን በዝምታ ለቀቀቻትና ሻርለትስቪል ከተማ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ኖራ በ1835 አረፈች። በጥር 1827 ግን ለጄፈርሰን ዕዳ ተብሎ ሌሎች 130 ሰዎች እዚያው ሞንቲሴሎ ለጨረታ ቀረቡ። የሳሊን ልጆች ስናነሳ እነሱንም አንርሳ።

ማዲሰን ኦሃዮ ሄዶ ከጥቁሮች ጋር ኖረ። በ1870 የሕዝብ ቆጣሪው ስሙ አጠገብ «ይህ ሰው የቶማስ ጄፈርሰን ልጅ ነው» ብሎ ጻፈበት። ከልጅ ልጆቹ አንዱ ፍሬድሪክ ሮበርትስ በ1918 ለካሊፎርኒያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ኤስተን ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። በ1852 ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ ስሙን ጄፈርሰን አለና ነጭ ሆነ። ልጁ ጆን በእርስ በእርሱ ጦርነት ኮሎኔል ነበር። እዚያ አንድ የድሮ የሰፈር ሰው ሲያገኘው «እባክህ የጥቁር ደም እንዳለብኝ እንዳትናገር» ብሎ ለመነው።

ጥያቄ፦ ጆርጅ ዋሽንግተንስ?

መልስ፦ ዋሽንግተን ራሱ ልጅ አልወለደም። ዌስት ፎርድ የሚባል ክልስ የእሱ ልጅ ነው የሚል የቤተሰብ ታሪክ አለ፤ የተጻፈ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። ያሳደገው የሚስቱ የልጅ ልጅ ጆርጅ ከስቲስ ግን ወልዷል። ከኤሪ ካርተር የወለዳት ማሪያ ትባላለች። በ1821 አርሊንግተን በሚገኘው ቤቱ ውስጥ ቻርልስ ሳይፋክስን አገባች። ከ10 ዓመት በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ ነጯ ልጁ ሜሪ፣ በኋላ የደቡቡን ጦር የመራውን ሮበርት ሊን አገባች። የአንድ አባት ልጆች፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ሠርግ።

ከስቲስ ለማሪያ ነፃነትና 17 ኤከር መሬት ሰጣት። ወረቀት ግን አልሰጣትም። በጦርነቱ መንግሥት ርስቱን ሲወርስ የእሷም አብሮ ተወሰደ። ልጇ ዊልያም ዋሽንግተን ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና ደጅ ጠንቶ፣ ኮንግረስ በ1866 በሕግ አስመለሰላት። ሁለቱ ሠርግ የተደረገበት ቤት ዛሬም አለ፤ አርሊንግተን መቃብር ኮረብታው ላይ የሚታየው ባለ ትልልቅ አምዱ ነው። ብዙዎቻችን በየቀኑ ለሥራ በሥሩ እናልፋለን።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን፣ ጄፈርሰን የሚባሉ ጥቁሮች ሁሉ ዘሮቻቸው ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ብዙዎቹ ስሙን ራሳቸው መርጠው ወይም ከቦታው ወስደው ነው። በ2000 ቆጠራ ዋሽንግተን የሚል የቤተሰብ ስም ካላቸው 10 ሰዎች 9ኙ ጥቁሮች ነበሩ።

ጥያቄ፦ በግልጽ «ሚስቴ ናት» ያለ ፖለቲከኛ አልነበረም?

መልስ፦ ነበረ። የኬንታኪው ሪቻርድ ጆንሰን፣ 9ኛው ምክትል ፕሬዚዳንት። ጁሊያ ቺን ከአባቱ የወረሳት በባርነት የተያዘች ሴት ናት። እሱ ዋሽንግተን ሲከርም እርሻውን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። በ1825 የፈረንሳዩ ጄኔራል ላፋየት ሲመጣ ግብዣውን አዘጋጅታ ተቀብላዋለች። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ኢሞጂንንና አደላይንን አስተምሮ፣ መሬት ሰጥቶ፣ ለነጮች ዳራቸው። ጁሊያን ግን ነፃ አላወጣትም። በ1833 በኮሌራ ስትሞት በሕግ ንብረቱ ነበረች። ወደዳት ለምትሉኝ ይህንንም ያዙልኝ።

እንዲያም ሆኖ «ሚስቴ» ማለቱ አስከፈለው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱንና ምክትሉን የሚመርጡት የየክፍለ ግዛቱ ተወካዮች ናቸው፤ በ1836 ምርጫ የቨርጂኒያዎቹ 23 ድምፃቸውን ነፈጉት። 148 ያስፈልገው ነበር፤ 147 አገኘ። ነገሩ ወደ ሴኔት ሄዶ በዚያ ተመረጠ። ምክትል ፕሬዚዳንት በሴኔት ሲመረጥ እሱ ብቻ ነው። ዝም ያለው ጄፈርሰን ሁለቴ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ጆንሰን በ1850 ሲሞት ፍርድ ቤቱ «ሚስትም ልጅም አልተወም» ብሎ ንብረቱን ለወንድሞቹ ሰጠ። ኢሞጂን በሕይወት ነበረች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጆቼን ይዤ ሞንቲሴሎ ልሄድ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ዋናውን ቤት ካያችሁ በኋላ ወደ ደቡቡ ክንፍ ውረዱ። የሳሊ ሳይሆን አይቀርም የሚባል ጠባብ ክፍል አለ። በ1941 የጎብኚ መጸዳጃ ቤት አድርገውት ነበር። በ2018 ለእሷ መታሰቢያ ተከፈተ። ፎቶ አትፈልጉ፤ የእሷ ምስል የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። እዚያ ያለው ባዶ ቀሚስና ግድግዳው ላይ በብርሃን የሚታየው የማዲሰን ቃል ነው። ቤተሰቡ በትውልድ ቅብብል ያቆያቸው የጄፈርሰን መነጽር፣ የጫማ ዘለበትና የቀለም ዕቃም ነበሩ። ሳሊ ለልጆቿ ያወረሰችው ይኸንን ነው ይላሉ።

ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። በጠዋት ተነሱ፤ ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው።