ከቁጥሩ ጎን ያለችው ፊደል

ባለፈው ሳምንት ከዚራ፣ ደጃችን ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሳለ፣ ቅየሳ የምትማር የጎረቤት ልጅ የቆየ የድሬዳዋ ካርታ ይዛ መጣች። የድሬ ልጅ ናትና “አንተ” ነው የምትለኝ። “የደቻቱን ወንዝ ወለል ከዛሬው ብቀንሰው፣ አሸዋው ስንት እንደሞላ አይነግረኝም?” አለችኝ። ቶሎ መልስ አልሰጠኋትም፤ አሰብ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ወጣት ቀያሽ ነበርኩ። እንግሊዞች የሠሩትን አሮጌ የባሕር ካርታ እኛ ከለካነው ጥልቀት ጋር እንዳነጻጽር ታዘዝኩ። የእነሱ በፋዞም ነው፤ አንዱ ፋዞም 1.83 ሜትር። አባዛሁ፣ ቀነስኩ። “ወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሏል፣ ደለል ሞልቶታል” ብዬም ጻፍኩ።

ጀልባችን ላይ ጥልቀት ለመለካት ገመድ የሚጥሉ አንድ የአፋር አዛውንት ነበሩ። ከገመዱ ጫፍ ያለውን ከባድ የእርሳስ ብረት ሥሩን ሞራ ይቀቡታል፤ ሞራው ከወለሉ ያገኘውን ይዞ ይወጣል። እዚያ ቦታ ይዞ የሚወጣው ጭረትና ነጭ ስብርባሪ ብቻ ነበር። “ልጄ፣ እዚህ ጭቃ የለም፣ ድንጋይ ነው” አሉኝ። እኔ ግን ያመንኩት ካልኩሌተሬን ነው።

ሪፖርቱ ከሄደ ከወራት በኋላ ካርታውን ስጠቀልል፣ ከቁጥሩ ጎን ትንንሽ ፊደላት አየሁ። ኮራል ማለት ናቸው። የድሮዎቹም መርከበኞች በሞራቸው ያገኙት ያንኑ ድንጋይ ነበር። ከርዕሱ ሥር ደግሞ ጥልቀቱ ከየትኛው የውሃ ከፍታ እንደተለካ ተጽፏል፤ የእኛ ዜሮ፣ ማለትም መለካት የጀመርንበት ከፍታ፣ ከእነሱ ዝቅ ያለ ነበር። በዚያ ላይ ቁጥራቸው የተጠጋጋው በሩብ ፋዞም ነው፤ እሱ ብቻውን 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ያለ ወለል አልነበረም። ሄጄ “አባቴ፣ እውነትዎን ነበር” ሳልላቸው 1983 መጣ፤ ከአሰብ ወጣን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ሁለት ካርታ መደራረብ ጥናት ይመስላችኋል። ይቺ ልጅ ግን ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ካደረግኩት የተሻለ ነው።

የወንዙን መስመር ማነጻጸር ይቀላል አልኳት፤ መጀመሪያ ባቡር ጣቢያው በሁለቱም ካርታ አንድ ቦታ ላይ መዋሉን እይ። ከፍታው ግን ከየትኛው ዜሮ እንደተነሳ ካልተጻፈ አትቀንሺው። የደቻቱ አሸዋ ደግሞ እንደ ባሕሩ ድንጋይ አይደለም፤ የ1998ቱን ዓይነት ጎርፍ ይቆልለዋል፣ ለግንባታ የሚጭኑት ይዝቁታል። የት የት እንደቆፈሩ እነሱ ያውቃሉ።

ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ አብረን እንወርዳለን። ሜትሩን እሷ ትይዛለች።