መልስ፦ ኢንቨርቴዙ ጠፍቶ ሳይሆን የተፈለገው ያለቦታው ነው

የዳቦ እርሾህን በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሎቹን ታች በሚያወርድ ማሽን) ለይተህ ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ኢንቨርቴዝን፣ ማለትም ሱክሮስን (የተለመደውን ስኳር) ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ለምን እንዳላገኘህ ጠይቀሃል። ያን ፈሳሽ ትተህ ሴሎቹን ራሳቸውን ፈትሽ። የዳቦ እርሾ ኢንቨርቴዝን «ወደ ውጭ ያወጣል» ሲባል አብዛኛው የሚቀረው በሴሉ ሽፋንና በግድግዳው መካከል ነው፤ ከቤቱ ወጥቷል፣ ከጀጎል ግን አልወጣም። ሴንትሪፉጅ ስታደርግ ከሴሎቹ ጋር ታች ይወርዳል።

1. ሴሎቹን በቀዝቃዛ ውሃ ሁለቴ እጠብ፤ የሚዲየሙ (ያደጉበት ምግብ) ግሉኮስ ከቀረ የቤኔዲክት ምርመራ (ግሉኮስ መኖሩን በቀለም የሚያሳየው) ያታልልሃል።
2. ሳትሰብራቸው ፒኤች (የአሲድነት መጠን) 5 አካባቢ ባለው የአሴቴት በፈር (ፒኤቹን በሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ሱክሮስ ስጣቸው። ጊዜውን አሳጥር፣ አለበለዚያ የተፈጠረውን ግሉኮስ ራሳቸው ይበሉታል። ከዚያ አፍልተህ አቁም። ይህ የውጪው ኢንዛይም ነው።
3. ሌላውን ድርሻ በመስታወት ቅንጣት ሰብረህ ለካ፤ የሚጨምረው ልዩነት የውስጡ ነው።

ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ጂን፣ ከሰክ2 ነው። ጂኑ ሁለት ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጂን ቅጂ) ያወጣል። ረጅሙ መነሻው ላይ የመላኪያ ምልክት ስላለው ፕሮቲኑ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን የሚዘጋጅበት የሴሉ ክፍል) ይገባል፣ እዚያ የማኖስ (የስኳር ዓይነት) ሰንሰለት ይለጠፍበታል፣ በጎልጂ (በሴሉ ማሸጊያ ክፍል) አልፎ በከረጢት ይወጣል። አጭሩ ምልክቱ ስለሌለው ምርቱ ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ያለ ስኳር ሰንሰለት ይቀራል።

2 በመቶ ግሉኮስ ላይ አሳድጌያለሁ ብለሃል። ያ የውጪውን ዓይነት ያፍነዋል፤ ከመለካትህ በፊት ለሁለት ሦስት ሰዓት ወደ 0.1 በመቶ ግሉኮስ አዛውራቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ በድሬ ሙቀት ቱቦዎቹን ጠረጴዛ ላይ ትተህ ምሳ አትሂድ። ሴሎቹ እየሞቱ ሲፈርሱ የውስጡም ይፈስና ፈሳሹ ውስጥ «አገኘሁ» ትላለህ። በረዶ ከሌለ በዚያው ሰዓት ለካ።