በወይራ ስለታጠነ አሬራ ጠይቃችሁናል

የ55 ቀኑ የሁዳዴ ጾም ከተፈታ ወዲህ ወደዚህ አምድ ከደረሱት ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ሆነው አገኘናቸው፤ እሱም የወይራ ጭስ ጠረን ያለው አሬራ ነው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን ስድስቱን መርጠናል። አንዳንድ ጠያቂዎች አሬራንና አጓትን ሲያቀላቅሉ ስላየን፣ ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ልዩነቱን እናስታውስ። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣለት የሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው ሞቆ አይቡ ሲለይ ደግሞ የሚቀረው ጠራ ያለ ፈሳሽ አጓት ይባላል።

ጥያቄ፦ እናቴ የምትኖረው ሰላሌ ገጠር ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር በወይራ የታጠነ አሬራ በጄሪካን ትልክልኛለች። እኔ ከለስላሳ መጠጥ ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ቅቤው ወጥቶ ምን ቀረው? ይሄ እኮ የጥጃ ነው» እያለ ያሾፍብኛል። እውነት የቀረው ነገር የለም?

መልስ፦ እህታችን፣ የቀረው ብዙ ነው። እርጎ ሲናጥ ተለይቶ የሚወጣው ስቡ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙ፣ ከመርጋት የተረፈው የወተት ስኳርና በውሃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች አብዛኛዎቹ ከአሬራው ጋር ይቀራሉ። በአገራችን በባህላዊ መንገድ የተናጠ አሬራ ተመርምሮ ከ100 ግራሙ 91.5 ግራም ውሃ፣ 3.1 ግራም ፕሮቲን፣ 1.4 ግራም ስብ፣ 3.4 ግራም ካርቦሃይድሬትና 0.6 ግራም ማዕድናት ተገኝቶበታል። ይህ በ250 ግራም ብርጭቆ ሲሰላ ወደ 8 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይሰጣል፤ ይህም አንድ እንቁላል ከሚሰጠው በለጥ ይላል። ጉልበቱ 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ክብደታቸውን ለሚቆጣጠሩ ሰዎች ካልተናጠ ወተት ይልቅ ይስማማቸዋል። አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ውስጥም ያው ብርጭቆ ሩቡን ያህል ይሸፍናል።

ባለቤትዎ የሚረቱበት አንድ ነጥብ ቢኖር ቫይታሚን ኤ ነው። ይህ ቫይታሚን የሚኖረው ከስቡ ጋር በመሆኑ ቅቤውን ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አሬራ የወተትን ቦታ ሊይዝ አይችልም፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ደግሞ የላም ወተትም ቢሆን የእናት ጡትን ተክቶ መሰጠት የለበትም። ለአዋቂ ግን ወተት ሆዳቸውን ለሚነፋቸው ጭምር አሬራ የተሻለ ነው፤ እርጎው በሚረጋበት ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ከወተቱ ስኳር ከፊሉን ወደ ላክቲክ አሲድ ቀይረውታልና።

ከአሬራው ይልቅ ያሳሰበን ጄሪካኑ ነው። የፕላስቲክ ጄሪካን ውስጡ በቀላሉ ይጫጫራል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ አያጥበውም፤ በፊት ዘይት ወይም ሌላ ነገር ከነበረበት ደግሞ ኮምጣጣው አሬራ ጠረኑን ይስባል። እናትዎ አፉ ሰፊ በሆነ፣ ለምግብ ተብሎ በተሠራ ዕቃ ቢልኩልዎት ይሻላል። አሬራ ከረጉ የወተት ውጤቶች ሁሉ ቶሎ የሚበላሽ ሲሆን ማቀዝቀዣ በሌለበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቢቆይ ነው፤ የመንገዱም ሰዓት በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ጎረቤቶቼ «ዕቃው በወይራ ከታጠነ ጭሱ በሽታውን ስለሚገድለው ወተት ማፍላት አያስፈልግም» ይላሉ። እኔ ለልጆቼ ፈርቼ ወተቱን አፍልቼ በታጠነ እንስራ ውስጥ ባስቀምጠው በሦስተኛው ቀን መራራ ሆነ እንጂ አልረጋም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ ማፍላትዎ ትክክል ነው። የጎረቤቶችዎ አባባል ግማሽ እውነት አለው። ወይራው ሲጨስ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችና አሲዶች ይወጣሉ፤ እነዚህም በቅሉ ወይም በእንስራው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው እዚያ የቀሩትን ተህዋስያን ያዳክማሉ፣ ዕቃውንም ያደርቁታል። በእጅና በግራዋ ቅጠል ብቻ ታጥቦ ለሚውል፣ ግድግዳው ቀዳዳ ለበዛበት ቅል ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አያቶቻችን ወተት ሳይታጠን በቆየ ዕቃ ውስጥ እንዳይጨመር የሚቆጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁንና የሚታጠነው ዕቃው እንጂ ወተቱ አይደለም። ከላሟ ጡት ከወተቱ ጋር የመጣውን የብሩሴሎሲስ ወይም የከብት ቲቢ ባክቴሪያ የግድግዳው ጭስ አይደርስበትም፤ የእርጎው ኮምጣጣነትም ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል ተብሎ አይታመንበትም። ብሩሴሎሲስ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያመጣ ብዙ ጊዜ ወባ ነው ወይም ቁርጥማት ነው እየተባለ ይታለፋል። ስለዚህ ወተቱ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ይፍላ፤ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ደግሞ በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ቢያቆየው ይበቃል።

አሁን ወደ መራራው እንመለስ። ጥሬ ወተት ራሱን ችሎ የሚረጋው ከአየሩ፣ ከእጅና ከዕቃው ያገኛቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስላሉበት ነው። እርስዎ ሲያፈሉት መጥፎዎቹ ከጥሩዎቹ ጋር አለቁ፤ እንስራው ደግሞ አዲስ ስለታጠነ ምትክ የሚሆን እርሾ አላቀበለም፤ ባዶ ያገኙትን ቦታ ወተቱን የሚያመርሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ያዙት። መፍትሔው እርሾ ነው። የፈላው ወተት ክንድ ላይ ጠብ ሲደረግ ለብ የሚል እስኪሆን ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ከጥሩ እርጎ ጨምረው በቀስታ ያማስሉት። እርጎው ከፈላ ወተት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ በበር ያስወጡትን በመስኮት ያስገቡታል። የደብረ ብርሃን ብርድ መርጋቱን ስለሚያዘገየው እንስራውን በጋቢ ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ያሳድሩት።

ዕቃውን በሚያጥኑበት ጊዜም ጥቂት ይበቃል። ቅርፊቱ የተላጠ ደረቅ የወይራ ስንጣሪ ፍም ላይ ያድርጉና መጨስ ሲጀምር የእንስራውን አፍ ይድፉበት፤ ጭሱ ውስጡን ከሞላው በኋላ ቀና አድርገው በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። ጨርቁ ላይ ቡናማ ነገር ቢወጣ ደግ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከወጣ ግን እሳቱ ነድዷል ማለት ነውና ታጥቦ እንደገና ይታጠን።

ጥያቄ፦ ጭስ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቼ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን አሬራ ለመተው እያሰብኩ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እንጨት ሲቃጠል፣ በተለይም እርጥብ ወይም ሙጫ የበዛበት ከሆነና በነበልባል ከነደደ፣ ከጥላሸቱ ጋር ለካንሰር የሚያጋልጡ ውህዶች ይወጣሉ። ሆኖም ለሰዓታት በጭስ ውስጥ ከተንጠለጠለ ሥጋ ጋር ሲነጻጸር፣ አስቀድሞ በታጠነና በተወለወለ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ አሬራ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ነው። መተው አያስፈልግዎትም። ይልቅ ሲያጥኑ ደረቅ እንጨት ይምረጡ፤ ቀለም የተቀባ ወይም ከግንባታ የተረፈ ጣውላ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጥላሸቱንም ይጥረጉ። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በኬንያ የካለንጂን ሕዝብ ቅሉን በከሰል አጥኖ የሚያዘጋጀው ሙርሲክ የሚባል የረጋ ወተት አለ፤ አሸንፈው ለሚመለሱት ሯጮቻቸውም አቀባበል ሲደረግ የሚቀርበው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ። ጤና ጣቢያ የሰጡኝን የደም ማነስ ኪኒን ማቅለሽለሹን እንዲያስታግስልኝ በአሬራ ነው የምውጠው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የአሬራው ካልሲየም በኪኒኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚሻማው ኪኒኑን በውሃ ይዋጡ፤ በአሬራውና በኪኒኑ መካከል ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለፍ። በእርግዝና ጊዜ ካልፈላ ወተት የተሠራ አሬራ ፈጽሞ አይጠጡ፤ ብሩሴሎሲስ ፅንስ ያስወርዳል።

ጥያቄ፦ አማቴ በፍስክ ቀን ሽሮውን በውሃ ፋንታ በአሬራ ሲሠሩት እንደ ክሬም የለሰለሰ ይሆናል። እኔ ስሞክረው አይብና ውሃ ሆኖ ተለያየብኝ። አማቴን እንዳልጠይቅ አፈርኩ። በዚያውም ሌላ ምን ምን ሊሠራበት እንደሚችል ብትነግሩኝ።

መልስ፦ የዚህ አምድ ጸሐፊም አንድ ጊዜ በእንግዳ ፊት እንዲሁ ደርሶባታልና አይፈሩ። ምናልባት ቁሌቱ ሲንተከተክ አሬራውን ገልብጠውበት ይሆናል። ኮምጣጣ ወተት ድንገት ከባድ ሙቀት ሲያገኝ ፕሮቲኑ ተጨማትሮ ውሃውን ይለቃል፤ አይብ የሚወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። አማትዎ የሚሠሩት ሳይሆን አይቀርም ብለን የምንገምተው ይህን ነው፦ የሽሮ ዱቄቱን በቀዝቃዛው አሬራ ውስጥ ጓል እስከማይቀርበት ድረስ ይበጠብጡታል፤ ቁሌቱን ከእሳት አውርደው ጥቂት ካበረዱት በኋላ ብጥብጡን ይጨምሩና በዝግተኛ እሳት ላይ እጃቸውን ሳያነሱ ያማስሉታል። ዱቄቱ የፕሮቲኑን ቅንጣቶች ሸፍኖ እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ።

ከዚህ ሌላ አሬራ የሚያምረው ብዙም ሳይነካ ነው። ጤና አዳም አንድ ዘለላ፣ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ፍሬው የወጣለት ቃሪያና ቆንጠር ያለ ጨው ገብቶበት በታጠነ ዕቃ ሲያድር፣ በማግስቱ ከትኩስ ቅንጬ ወይም በበርበሬና በቅቤ ከተሠራ ገንፎ ጋር ሲቀርብ የሚያህለው የለም። የጤና አዳሙ ዘለላ ጠዋት ይውጣ፤ ከቆየ ምሬቱ የወይራውን ጠረን ይውጠዋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን ትቶ ቃሪያውን ቢያበዛ ጣዕሙ አይጎድልበትም።

አይብ ማውጣት ከፈለጉ አሬራውን በ50 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ጣት ገብቶ ብዙ ሊቆይ በማይችልበት ሙቀት፣ ሳያማስሉ ይተዉት። አይቡ ወደ ላይ ሲሰበሰብ አውርደው ያቀዝቅዙትና በንጹሕ ነጠላ ያጥልሉት። ለአንድ ኪሎ አይብ ስምንት ሊትር ያህል አሬራ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ሞክረው «ጥቂት ብቻ ወጣኝ» የሚሉ አንባቢዎች ጥፋት አልሠሩም። ጥሩ ሲታጠን የወይራው ጠረን እስከ አይቡ ይከተላል፤ ከክትፎና ከጎመን ጎን ሲቀመጥ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ቢበዛበት ይህን ጠረን ስለሚያጠፉት በእኛ ግምት ባዶውን ይሻላል። የሚተርፈውን አጓት አይድፉት፤ የዳቦ ሊጥ ቢያቦኩበት ዳቦው ለስለስ ይላል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እዚህ ሱቅ በተርሚልክ የሚባል በካርቶን ይሸጣል። አሬራ እሱ ነው? የወይራ ጠረንስ ከየት ላምጣለት? ባለፈው ድስት ውስጥ እንጨት አጭሼ የአፓርታማው የጭስ ደወል ጮኾ ሕንፃው በሙሉ ወደ ውጭ ወጣ።

መልስ፦ ለሕንፃው ነዋሪዎች ይቅርታ እንጠይቅልዎታለን። በካርቶን የሚሸጠው በተርሚልክ አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ ተንጦለት የቀረ አይደለም፤ ስቡ የተቀነሰ ወተት በተመረጠ ባክቴሪያ እንዲረጋ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ከአሬራ ወፈር ይላል፤ ኮምጣጣነቱና የምግብ ይዘቱ ግን ይቀራረባል። ለመጠጥ ከፈለጉት ሩብ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው በክዳን ዕቃ ያንቀጥቅጡት። አይብ ሊያወጡበት ካሰቡ ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ማወፈሪያ ሙጫ ወይም ስታርች የተጨመረበት አልለይ ብሎ ያስቸግራል።

ስለ ወይራው፦ የእኛ ወይራ ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ የዱር ዘመድ ስለሆነ፣ ለሥጋ መጥበሻ ተብሎ የሚሸጥ የወይራ እንጨት ስንጣሪ ካገኙ ጠረኑ ሩቅ አይሆንም። ሌላ ኬሚካል ያልተጨመረበት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ማጠኑን ከቤት ውጭ፣ በግቢ መጥበሻ ላይ ያድርጉት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከደወሉም የከፋ ነገር ያመጣል። ዕቃው ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መስታወት ጭሱን ብዙም አይዝም፣ በድንገተኛ ሙቀትም ይሰነጠቃል፤ ፕላስቲክ ግን አይሞከርም። ማሰሮው ታጥኖ ከተወለወለና ከበረደ በኋላ በተርሚልኩን ገልብጠው፣ ከድነው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። የመጀመሪያው ቀን ጠረኑ ስስ ሊሆንብዎት ይችላል፤ ማሰሮው ሦስት አራት ጊዜ ከታጠነ በኋላ ግን እየያዘ ይሄዳል። በሳሙና አይጠቡት፤ ሸክላው ሳሙናውን ይመጥና ለሚቀጥለው አሬራ ይሰጠዋል። ሙቅ ውሃና ብሩሽ ይበቃዋል፤ ከዚያ በፀሐይ ይድረቅ።