ስለ ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ቦክሊን «የሙታን ደሴት» ሥዕል ጨለማ

«ሐረር ሆኜ ስለ ሥዕሉ እየጻፍኩ ነው፤ ጨለማው ፍርሃት ነው ወይስ ሐዘን?» ላልከው፦ ሐዘን ነው፣ ያውም ጸጥ ያለ ሐዘን።

መጀመሪያ ውሃውን እይ። ማዕበል የለም። ከዚያ ጀልባው ላይ የቆመውን ነጭ ለባሽ ተመልከት፤ ፊቱ አይታይም። አጠገቡ የሬሳ ሣጥን አለ። ደሴቱ መሃል ያሉት ረጃጅም ጥቁር ዛፎች በሜዲትራኒያን አገሮች መቃብር ቦታ የሚተከሉ ናቸው። ሣጥኑንና ነጭ ለባሹን ያስጨመረችው በ1880 እ.ኤ.አ. ከሥዕሉ ቅጂዎች አንዱን ያዘዘች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ለኔ ትልቁ ፍንጭ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ ድሬዳዋ በቀትር ፀሐይ ስልኬ ላይ አይቼው «ጥቁር ብቻ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ማታ ቤት ውስጥ የስልኩን ብርሃን ጨምሬ ሳየው፣ የደሴቱ አለት ላይ የተፈለፈሉት በሮች ወለል ብለው ታዩኝ።