ቆሻሻው የየትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ጥያቄና መልስ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአካባቢ ጥበቃና በቆሻሻ አወጋገድ ስላላቸው የሥራ ድርሻ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሚከተሉትን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የአካባቢ ሚኒስቴር እያለ የቆሻሻ ጉዳይ ለምን በብዙ መሥሪያ ቤቶች ይከፋፈላል?

መልስ፦ ቆሻሻ ከአካባቢ ሚኒስቴሮች በፊት ባለቤት ስለነበረው ነው። ጉዳዩ ወረርሽኝን የመከላከል ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር በጤና መሥሪያ ቤቶችና በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ቆይቷል፤ ለምሳሌ በጃፓን ከጤና ሚኒስቴር ወደ አካባቢ ሚኒስቴር የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ጥያቄ፦ ቆሻሻ የሚያነሣው አካል ራሱን ቢቆጣጠር ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከሁሉም የከፋው ችግር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ የማስወገጃ ሥፍራውን እያስተዳደረ ለዚያው ሥፍራ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቀጣ ከሆነ፣ ፍሳሹ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ መግባቱን ቢደርስበት እንኳ ክስ የሚመሠርተው በራሱ ላይ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪውና ቆሻሻ አንሺው መለያየት አለባቸው፤ ተቆጣጣሪውም እርሱ ከሚቆጣጠረው አካል እጅ በጀት መጠበቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ቆሻሻስ የማን ነው?

መልስ፦ አንድ መርፌ ተከትለን እንየው። ነርሷ መርፌውን እንደተጠቀመችበት በማይበሳ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሣጥኑ ከግቢው እስኪወጣ ኃላፊነቱ የጤና ዘርፉ ነው። ተሽከርካሪ ላይ ሲጫን የአደገኛ ቆሻሻ ማጓጓዣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሲቃጠል ጭሱ የአካባቢ ተቆጣጣሪው ጉዳይ ይሆናል፤ አመዱ ወደ ማስወገጃ ሥፍራ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋማት ቆሻሻ አደገኛ የሚባለው 15 በመቶ ያህሉ ነው፤ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ግን ሁሉም እንደ አደገኛ መያዝ ይኖርበታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ርክክቡ ነው። ከጭነቱ ጋር በሚሄደው ቅጽ ላይ ላኪ፣ አጓጓዥና ተቀባይ ይፈርማሉ፤ የተፈረመው ቅጂ ለላኪው ካልተመለሰ ጭነቱ መንገድ ላይ ተደፍቶ ሊሆን ስለሚችል ተቆጣጣሪው ወዲያውኑ መጠየቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ሚኒስቴርን ምን አገባው?

መልስ፦ ብዙ ያገባዋል። መቅበር ርካሽ እስከሆነ ድረስ መልሶ መጠቀም አያዋጣም፤ ያንን ሒሳብ በግብር መለወጥ የሚችለው ደግሞ እርሱ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1996 በሚቀበር ቆሻሻ ላይ በቶን የሚሰላ ግብር ስትጥል፣ የሰበሰበው የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የጉምሩክና ኤክሳይስ መሥሪያ ቤቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ድንበር የሚሻገረውስ?

መልስ፦ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን መንገድ የሚቆጣጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት እያንዳንዱ አባል አገር ኃላፊ መሥሪያ ቤት እንዲሰይም ያስገድዳል፤ በኬላው ላይ ዕቃውን የሚያየው ግን ጉምሩክ ነው።

ጥያቄ፦ በሠፈሬ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ባመለከትሁ ቁጥር ሁለት መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጉዳዩን ለሁለት ይክፈሉት። ቆሻሻው አለመነሣቱን ለማዘጋጃ ቤት፣ ጭሱን ለአካባቢ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጭሱ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ይጥቀሱ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ለሌላኛው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ያድርጉ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥሩንም ሳይቀበሉ አይመለሱ።