ጥፋቱ የሌላ ሰው፣ የአረቦኑ ጭማሪ የእኔ?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ጥር ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ስሄድ መብራት ይዞኝ ቆሜ ነበር። ከኋላዬ የመጣ አይሱዙ ‹ፍሬን እምቢ አለኝ› ብሎ የቪትዜን ኋላ ጨፈለቀው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ለክቶ ጻፈ። የአይሱዙው ሹፌርም አላስተባበለም። ሙሉ ሽፋን ስላለኝ ጣጣ ላለማብዛት 5 ሺህ ብር ኤክሰስ (ከጥገናው ወጪ የራሴን ድርሻ) ከፍዬ በራሴ ኢንሹራንስ አሠራሁ። ሐምሌ ላይ ውሉን ላድስ ስሄድ 20 ሺህ ብር የነበረው አረቦን (የኢንሹራንሱ ዓመታዊ ክፍያ) 35 ሺህ ሆኖ ጠበቀኝ። ለምን ስላቸው ‹ክሌም (የካሳ ጥያቄ) አለብሽ› አሉኝ። የተገጨሁት እኔ፣ የምቀጣው እኔ። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? ጭማሪውንስ የአይሱዙውን ባለቤት መጠየቅ እችላለሁ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ቆሞ የተገጨ ሰው ዋጋ ሲጨመርበት ማየት ያማል። ቢሆንም ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ። ውሉ ሲታደስ ኢንሹራንሱ ዋጋ መጨመር ይችላል። በንግድ ሕጋችን የኢንሹራንስ ክፍል ውስጥ «ያለጥፋቱ አደጋ የደረሰበት ሰው አረቦን አይጨመርበትም» የሚል አንቀጽ የለም። ይህ ክፍል አሁንም የ1952ቱ ሕግ ነው፤ በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አልነካውም። የዓመቱ ውል ካለቀ በኋላ የሚፈረመው አዲስ ውል ነው። እርስዎ ሌላ ቤት የመሄድ ነፃነት እንዳለዎት ሁሉ ኩባንያውም አዲስ ዋጋ ማቅረብ ይችላል። በዓመቱ መሃል ብቻውን ተነስቶ «ስለተገጨሽ ጨምሪ» ቢልዎት ግን ሌላ ነገር ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው።

ጉዳዩ ግን እዚህ አያልቅም። «ክሌም አለብሽ» ሙሉ መልስ አይደለም። ያለፈውንና የዘንድሮውን ፖሊሲ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ የጠየቅሁት ለዚህ ነበር። ያየሁትን ላሳይዎ። አምና መኪናዎ የተመዘገበው በ1 ሚሊዮን ብር ነው። ምጣኔው 2.5 በመቶ ስለሆነ 25 ሺህ ይመጣል። ከዚያ ላይ 20 በመቶ የኖ ክሌም ቅናሽ (ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚሰጠው) ተነስቶልዎ 20 ሺህ ከፈሉ። ዘንድሮ መኪናዋ በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ተመዝግባለች። ምጣኔው ያው ነው፤ 35 ሺህ ይመጣል። ቅናሹ የለም።

አሁን ይለዩት። ቅናሽዎ ባይነካ ኖሮ ዘንድሮ 28 ሺህ ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ ከ15 ሺው ጭማሪ 8 ሺው ከአደጋው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የመኪናዋ ዋጋ ስለጨመረ ነው። የአምናው ውል የተፈረመው ሐምሌ 2016 መጀመሪያ ላይ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ደግሞ በዚያው ወር በ22 ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናውም መለዋወጫውም የት እንደደረሰ እርስዎም ያውቁታል። ይህን 8 ሺህ ለመሸሽ ግምቱን ዝቅ አስደርገው እንዳያስመዘግቡ ብቻ እለምንዎታለሁ። በግማሽ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው ጉዳት ሲደርስበት የሚከፈለውም በዚያው ልክ ተቀንሶ ነው። አደጋው ያስከተለብዎ የአረቦን ጭማሪ እንግዲህ 7 ሺህ ብር ነው። የምንከራከረውም በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የኖ ክሌም ቅናሽ የሚሰጠው ጥፋት ስላልሠሩ አይደለም፤ ገንዘብ ስላልጠየቁ ነው። ኩባንያው በመዝገቡ የሚያየው ከካዝናው ብር መውጣቱን ነው። የወጣው ብር ከተመለሰለት ግን ነገሩ ይለወጣል። በንግድ ሕጉ ቁጥር 683 መሠረት ካሳ የከፈለ ኢንሹራንስ በከፈለው ልክ በእርስዎ እግር ተተክቶ ጉዳት አድራሹን መጠየቅ ይችላል። በሕግ ቋንቋ የመዳረግ መብት ይባላል። ለጋራዡ የከፈለውን ከአይሱዙው ባለቤት ወይም ከባለቤቱ የሶስተኛ ወገን መድን ካስመለሰ፣ በእርስዎ ምክንያት የከሰረው ነገር የለም። ያኔ «ቅናሼ ይመለስልኝ» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ውልዎ ላይ የኖ ክሌምን ክፍል ቁጭ ብለው ያንብቡት። ገንዘቡ ከተመለሰ ቅናሹ እንደማይነካ ከተጻፈበት መብትዎ ነው። ካልተጻፈበትም በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ለክሌም ክፍሉ አንድ ደብዳቤ ያስገቡ። ሶስት ነገር ይጠይቁበት፦ ከአይሱዙው ወገን ገንዘቡን ለማስመለስ ጥያቄ አቅርባችኋል ወይ? ምን ላይ ደረሰ? ሲመለስ ቅናሼን ትመልሱልኛላችሁ ወይ? ግልባጩ ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። በቃል የተጠየቀ ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ማነቆ ልምጣ። እኔም እርስዎም ጥፋቱ የአይሱዙው እንደሆነ እናምናለን። ሕጉ ግን ሲጀምር እንዲህ አይልም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል። እያንዳንዱ ባለቤት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይሸከማል። ቆሜ ነበር ያሉት እርስዎም ጭምር! ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ማረጋገጡ ደግሞ የእርስዎ ሸክም ነው።

ለዚህም ነው የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርትና ፕላን ወርቅ የሆነው። መኪናዎ ቆሞ እንደነበር፣ ምቱ ከኋላ እንደሆነ፣ ርቀቱ ተለክቶ ከተጻፈ ብዙ መንገድ ሄደዋል። የተመሰከረለት ግልባጭ ከሌለዎት ጣቢያው ሄደው ያውጡ። ሹፌሩ የተቀጣበት ወረቀት ካለም ይጨምሩበት። በዕለቱ በስልክዎ ያነሱትን ፎቶ እንዳያጠፉት። መብራቱ ጋ የነበረ ሱቅ ወይም ፓርኪንግ የሚያስከፍል ልጅ ካየ፣ ስሙንና ስልኩን አሁን ይያዙ።

ለሌሎች አንባቢዎችም የምለው አለኝ፤ እርስዎ ይህን ስህተት አልሠሩም፣ ደግ አደረጉ። መንገድ ተዘግቶ፣ ክላክስ እየጮኸ፣ ሰው ተሰብስቦ «በቃ ተስማሙ» ሲባል ብዙ ሰው ብጣሽ ወረቀት ላይ «ተስማምተናል፣ አንጠያየቅም» ብሎ ይፈርማል። ጭረት ከሆነ እሺ። ኢንሹራንስ የሚጠየቅበት ጉዳት ከሆነ ግን ያ ፊርማ ገደል ነው። በእርስዎ ድርጊት ምክንያት ኩባንያው ጉዳት አድራሹን መጠየቅ ካልቻለ፣ ያው ቁጥር 683 ኩባንያውን ከመክፈል ግዴታው በሙሉም በከፊልም ሊያስቀረው ይችላል። ከሁለት ያጣ መሆን ማለት ይህ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ የአይሱዙውን ባለቤት በቀጥታ መጠየቅ ነው። ኤክሰስ የከፈሉትን 5 ሺህ ብር በእርግጠኝነት አዎ። ኢንሹራንሱ ያልሸፈነው የራስዎ ኪሳራ ነውና ደረሰኙን ይዘው ይጠይቁ። የጠፋውን የ7 ሺህ ብር ቅናሽስ? በእኔ እምነት ይህም ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ያ አይሱዙ ባይገጭዎ ኖሮ ይህን ብር ባልከፈሉ። ተከራካሪው «በራሷ ኢንሹራንስ እንድታሠራ ማን አላት፣ ይህ የውሏ ጉዳይ ነው» ሊል ይችላል። ደካማ ክርክር አይደለም፤ ዳኛው ሊቀበለውም ይችላል። ስለዚህ ለ7 ሺው ብቻ ብለው ፍርድ ቤት እንዲመላለሱ አልመክርዎም። ከኤክሰሱ ጋር አንድ ላይ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጀምሩ። ከላይ ያየነውን የሁለት ዓመት ስሌት አያይዙበት።

ሹፌሩ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ምንም የለኝም» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል። እሱን አያስጨንቁት። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ይላኩ።

እስከዚያው ሌላ ኩባንያ ዋጋ ቢጠይቁ አይከፋም። የቅናሽ አሰጣጣቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ፎርሙ ላይ «ባለፉት ዓመታት አደጋ ነበር ወይ?» ሲባል ግን እውነቱን ይጻፉ። መደበቅ ውሉን ራሱን ሊያፈርሰው ይችላል። «አዎ፣ ቆሜ ከኋላ ተገጭቼ» ብለው የትራፊክ ሪፖርቱን ቢያያይዙ ይሻላል። የአሁኑ ኩባንያዎ ደብዳቤዎን አንብቦ ዝም ካለ ደግሞ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታዎን እዚያ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።

ቀኑን ይያዙልኝ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 የጉዳት ካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከኢንሹራንስ ውሉ የሚነሳ ጥያቄም በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 መሠረት እንዲሁ ሁለት ዓመት ነው። ኢንሹራንሱ ለራሱ ገንዘብ መክሰሱ የእርስዎን 5 ሺህና 7 ሺህ አይጨምርም፤ ካልጠየቁ ማንም አይጠይቅልዎም። አደጋው የደረሰው ጥር 2017 ነው። ማስጠንቀቂያው ካልሠራ ክሱ ከጥር 2019 በፊት መዝገብ ቤት መግባት አለበት።