ሚስማሩ ሳንቲሟን ሲጋርዳት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጎረቤቴ ጫካው ውስጥ የፈረሰ የድሮ ቤት መሠረት አለው፤ እንድፈልግበት ፈቅዶልኛል። ዲቴክተሬ (መሬት ውስጥ የተቀበረ ሜታል በድምፅ የሚጠቁመው ማሽን) ግን ሲጮህ ነው የሚውለው። ስቆፍር ሁሉም ሚስማር። ብረት እንዳያነብ ሳደርገው ደግሞ ጭር ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?»

ወንድሜ፣ ማሽንህ ደህና ነው። ቤቱ ሲፈርስ ሚስማሩ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። ኮይልህ (ከመሬቱ በላይ የምታወዛውዘው ክቡ ክፍል) 11 ኢንች ገደማ ከሆነ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሚስማር ከሥሩ ይገባል። መሃል የተኛችው ሳንቲም ድምፅ ይዋጣል። ብረቱን ዝም ስታሰኘው እሷም አብራ ትጠፋለች።

ስለዚህ 5 ወይም 6 ኢንች ኮይል ግጠም። ጥልቀት ይቀንስብሃል፤ ግን በሚስማሮቹ መሃል ይሾልካል። ሴንሲቲቪቲውንም (የማሽኑን የስሜት መጠን) ዝቅ አድርገው። ሰው ሁሉ እስከ ጥግ ይከፍተውና በዚያ በቨርጂኒያ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ማሽኑ ሲለፈልፍበት ይውላል። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልገህ ኮይሉን ከፍ ዝቅ እያደረግህ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር አስተካክለው። ብረቱን ግን አታጥፋው፤ በወፍራም ድምፁ ይናገር።

አሁን በዝግታ አስስ። ከወፍራሙ መሃል ቀጭን ድምፅ ብቅ ስትል ቁም። ሩብ ዙር ዞረህ ከጎን ድገመው። ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም በኩል ያንኑ ድምፅ ይመልሳል። ሚስማር ግን በአንዱ በኩል ይቆራረጣል። እኔ እንኳ አንዳንዴ የምትቆራረጠውንም እቆፍራለሁ። አንዴ የዛገ ሚስማር ሥር ተለጥፋ ዳይም (ባለ 10 ሳንቲም) አግኝቻለሁ፤ ጫፏ ብቻ ነበር የሚያበራው።

የጣሳ መክፈቻ ቀለበት ሰልችቶህ ማሽኑ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ቁጥሩን ልዝለል ብትል፣ ባለ 5 ሳንቲሟን ኒኬልና የወርቅ ቀለበትንም ትዘላለህ። ቁጥራቸው ይቀራረባል።

ያገኘኸውን በጣትህ አትሸው፤ አሸዋው ይጭረዋል። በውኃ አለቅልቀው፣ በቃ። እስከ 1964 የተመቱት ዳይምና ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም) 90 በመቶ ብር ናቸው። (ኪሳችን ውስጥ ያለውን ብር ማለቴ አይደለም።)

ቨርጂኒያ ስለሆንክ ደግሞ፦ ነጣ ያለ የእርሳስ ጥይት ካገኘህ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ችግር የለውም። ትልቅ የመድፍ ጥይት ከመሰለህ ግን አትንካው። ራቅ ብለህ 911 ደውል። ማናሳስን በመሰሉ ብሔራዊ የጦር ሜዳ ፓርኮች ደግሞ ቁፋሮው ቀርቶ ዲቴክተር ይዞ መዞሩ ራሱ ያስከስሳል።

የጎረቤትህንም ፈቃድ በቃል አትተወው። የተገኘው የማን እንደሚሆን ጨምረህ በሁለት መስመር አስፈርመው።